ካርቶን ላይ የተሳለው ፕላን

የያዙኝ ቦሌ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ በር ላይ ነው። ስለ አገር የመሬት አጠቃቀም የባለሙያ አስተያየት ስጥ ተብዬ፣ ሰጥቼ፣ ተጨብጭቦልኝ፣ ሳምቡሳዬን በሶፍት ጠቅልዬ ስወጣ ሁለት ትሁት ሰዎች «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግዎት ነበር» አሉኝ። ምን ብዬ ነበር? መንገዱም፣ ፋብሪካውም፣ ሆስፒታሉም አንድ ከተማ ላይ ከተከመረ ሰው ሁሉ ወደዚያው ይጎርፋል፤ ከተማውም የዙሪያውን ለም እርሻ እየበላ ይሰፋል፤ ክልሎች ተመጣጥነው ካላደጉ ይኼ ነገር አይቆምም፤ ገበሬውንም ሳይጠይቁ ማንሳት ደግ አይደለም። ይህንኑ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለፈልፍ ማንም ሰምቶኝ አያውቅም። እውነቴን ነው፣ መኪናው ውስጥ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። በስተመጨረሻ የሚያዳምጠኝ ሰው ተገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አምስቷ ደቂቃ ግን ሃያ ሦስት ቀን ፈጀች።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር አሥራ ስምንት ሰው ነበር። ያለን መስኮት አንድ ነው፤ እሱም ጣሪያው ሥር፣ ከደብተር የማይበልጥ። ቤቱ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ካልሲና ብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ከበሩ አጠገብ ክዳን የሌለው የሽንት ባልዲ አለ። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ሁሉም ወሬውን ያቋርጥና ጸጥ ይላል፤ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። በሁለተኛው ቀን እኔም ለመድኩት።

የቤቱ ሕግ ግልጽ ነው። አዲስ ገቢ ባልዲው አጠገብ ይተኛል፤ ሰው በተፈታ ቁጥር አንድ አንድ ቦታ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። ይህን የሚያስከብረው እስረኞቹ የመረጡት ኃላፊ፣ ካቦ የሚሉት ነው። ካቧችን ጎሮ የታክሲ ተራ አስከባሪ የነበረ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሰው መደርደር የሚችልበት ሰው ነበር። ሥራዬን ጠየቀኝ። የመሬት አጠቃቀም ፕላን አወጣለሁ ስለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልቅ ካቦው ወለሉን በእጁ እያሳየ፣ ይኸው መሬታችን፣ ፕላን አውጣልን አለኝ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ እሺ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት፤ አገሩ እምቢ ያለኝን ክፍሏ ስትፈቅድልኝ እንዴት ብዬ እተዋለሁ! ወለሉን በስንዝር ለካሁ። የብስኩት ካርቶን ዘርግቼ፣ ካቦው ከፍራሹ ስፌት ውስጥ ባወጣልኝ እስክሪብቶ መሥመር አሰመርኩ። ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ስፋት፣ መሃል ላይ መተላለፊያ፣ ግድግዳውን ይዞ የዕቃ ማስቀመጫ። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የእኔ ቦታ መስኮቱ ሥር ወደቀ። መለኪያው ነው ያመጣው አልኩ፤ ማንም አልተከራከረኝም።

ካቦው ልምምድ ይደረግ ብሎ አዘዘ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አሥራ ስምንት ጎልማሳ በፕላኑ መሠረት ተጋደምን። በዚህ መሃል ጠባቂው በሩን ከፈተ። ያ ሁሉ ሰው በጠራራ ፀሐይ ተሰልፎ ተኝቶ ሲያይ ደነገጠና የረሃብ አድማ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ካቦው ሳይነሳ፣ ኧረ የለም ጌታዬ፣ መሬት እየተከፋፈልን ነው አለው። ጠባቂው ትንሽ አሰበ።

«ፈቃድ አላችሁ?» አለና መልሶ ቆለፈው። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድ ግን ከመሃል ሳል ሰማሁ። የማያባራ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳል ነው። አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ግድግዳው ሥር የነበረውን ቦታቸውን ለዕቃ ማስቀመጫ ወስጄ፣ እሳቸውን መሃል ላይ አጋድሜያቸው ነበር። ደግፌ አስቀመጥኳቸውና ምን እንደሆኑ ጠየቅኳቸው።

«ምንም አይደል። ደረቴ ተጋድሜ አያስተኛኝም። ግድግዳ ተደግፌ ነው የማድረው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አባባ?»

«ጠየቅከኝ እንዴ?» አሉኝ፣ ያለ ምንም ቁጣ። «ፕላን ሲመጣ ሰው እንደሚነሳ አውቃለሁ። ከዚህ በፊትም ተነስቻለሁ።»

የካ አባዶ ገበሬ ነበሩ። ጤፍ የሚወቁበት አውድማ ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ እሳቸው የሰው ሕንፃ ጠባቂ ሆነዋል። የታሰሩት በሰፈር ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ ሲያነሱን ማን ጠየቀን ብለው በመጠየቃቸው ነው። እኔ በማይክራፎን ያልኩትን እሳቸው በባዶ አፋቸው ብለውታል። ተጨብጭቦልኝ የወጣሁበትን ነገር በሁለተኛው ቀን እኔው ራሴ በካርቶን አደረግኩባቸው። አፈርኩ።

ወደ ቦታዎ ይመለሱ ስላቸው ካቦው እምቢ አለ። ፕላኑ ጸድቋል፣ ለአንድ ሰው ከተነካ ነገ ሁሉም ለእኔም ይነካልኝ ሊል ነው አለ። አባባ ፈገግ ብለው፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ቤቱ እንደገና ሳቀ፤ ካቦውም ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

ያን ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ አንድ በአንድ ዞሬ ጠየቅኩ። ከአባባ በቀር ሁሉም መስኮቱን አለ። ጨነቀኝ፤ ይህን ምን ዓይነት መሥመር ይፈታዋል?

«መስኮቱን የሚሉት በሩ ጋ ስለሚገማ ነው» አሉ አባባ። «በሩን አሳምሩት። ሰው ራሱ ወደዚያ ይሄዳል።»

የሃያ ዓመት ጥናቴን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት፤ ያውም ያለ ፕሮጀክተር።

ካርቶኑን አጠፍኩና ባልዲው ላይ ከደንኩት። ልክክ አለ! ሽታው በአንዴ ቀነሰ። ብርድ ልብሴን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ በሩ ጋ አነጠፍኩ። ካቦውም የቆርኪ ዳማውን ይዞ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ዳማው ባለበት ሰው አይጠፋም፤ ከሰዓት በኋላ በሩ ጋ መቀመጫ ጠፋ። በሥራ ዘመኔ ካወጣኋቸው ፕላኖች ሙሉ በሙሉ ተግባር ላይ የዋለው ያ ካርቶን ብቻ ነው።

አባባ ግድግዳቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸው ተመልሷል። ጠጋ አሉና በእጃቸው አጠገባቸውን መታ መታ አደረጉ።

«ና፣ ግድግዳው ለሁለት ይበቃል።»

«ይቆየኝ አባባ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ሰፈሬን ላልማ።»

እስክፈታ ድረስ ተራዬ ሲደርስም አልተነሳሁም፤ በሩ ጋ ከረምኩ። እሳቸው ከእኔ በኋላ ወጡ።

ዛሬም ፕላን እሠራለሁ። ቢሮዬ ያሉት ወጣቶች ስክሪን ላይ ካርታ ከፍተው ሲያሳዩኝ፣ እዚህ ጋ ማን ተደግፏል ብዬ እጠይቃለሁ። እርስ በርስ ይተያያሉ። ሰውዬው እስር ቤት ነክቶታል ሳይሉ አይቀሩም፤ ይበሉ።

ባለፈው ሳምንት ጎሮ ታክሲ ስጠብቅ፣ በመሠራት ላይ ያለ ሕንፃ በር ላይ አንድ የጥበቃ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ የብሎኬት አጥሩን ተደግፈው ተቀምጠው አየሁ። አባባ ናቸው። ሰላምታም ሳያስጨርሱኝ ጠጋ አሉና አጠገባቸውን መታ መታ አደረጉ።

«ሰፈርህ ለማ?»

«ገና ነው አባባ» አልኩና ሱፌ ሲሚንቶ ይንካው ብዬ ተደገፍኩ። ሁለት ታክሲ አለፈኝ።