የሽሪምፕ ጉርሻ

አዲሱ ባቡር ሥራ ሳይጀምር ነው። ከጅቡቲ ሽሪምፕ ለአዲስ አበባ ሆቴሎች ሊገባ ታስቦ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝና የአገሩ ቁጥጥር ይታመን እንደሆነ አይተህ ና ተብዬ ተላክሁ። ሽሪምፕ ግን ክንፍና ቅርፊት የለውምና እኛ ቤት አይበላም።

ያስጎበኘኝ የቁጥጥሩ ኃላፊ ሮብሌ ይባላል። ድሬዳዋ ስለተማረ አማርኛው አንቱ አያውቅም። በረዶውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ላቦራቶሪውን አሳየኝ፤ ሁሉም ደህና ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባል ሰፈር ወዳለ ምግብ ቤት ወሰደኝና አንድ ትሪ ሙሉ ሽሪምፕ አዘዘ።

እኔ አልነካሁም። የሚገርመው፣ እሱም አልነካም። ዳቦ እየቆረሰ ስለ ሙቀቱ ያወራል። የኔስ ምክንያት የታወቀ ነው፤ የሚቆጣጠረው ሰውዬ የማይበላው ለምንድን ነው? የደበቀኝ ነገር ቢኖር ነው አልኩ በልቤ። ነገ እኔ ከፈረምኩ የሚበላው የአገሬ ሰው ነው።

ብጠይቀው እውነቱን አይነግረኝም። ስለዚህ አንዷን ላጥኩና ሎሚ ጨምቄባት ወደ አፉ ዘረጋሁ።

"በሞቴ" አልኩት። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ጉርሻ አይመልስም።

ጣቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። ሳያኝክ ውጦ ውሃውን ጨለጠ።

"ምን አገኘህባት?" አልኩት።

"እኔ እንጃ ዶክተር። አባቴ ግመል አርቢ ነው፤ እኛ ቤት ይሄ ነገር አይበላም። ዛሬ ገና መቅመሴ ነው። አንተ የምትወድ መስሎኝ እኮ ነው ያዘዝኩት።"

ከትሪው ትልቁን መርጦ መላጥ ጀመረ።

"በል አሁን ያንተ ተራ ነው። በሞቴ።"