ዓይናችሁን ጨፍኑ ያልኩበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በገጠሙበት ወር ነው። ያን ቀን አንድ ውሸት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስለዚህ አልረሳውም።

የተወለድኩት ጎጃም ነው። በታሪክ መምህርነት ቡታጅራ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከማስተምረው ውስጥ ስለ ቡድሃ እምነት የሚናገር አጭር ክፍል አለ። ነገር መጠንቀቅ ስለምወድ አስቀድሜ አገር ቤት ላሉት የንስሐ አባቴ ደወልኩ። «ማወቅ ሌላ፣ ማመን ሌላ። አስተምሪ፤ ብቻ ልጆቹን እንዳታደናግሪ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ቡድሃ በድሎት ያደገ የመስፍን ልጅ እንደነበር፣ እርጅናን፣ ሕመምንና ሞትን ሲያይ ቤቱን ጥሎ እንደወጣ ነገርኳቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾመኛ ነው፤ ዓይናቸው ፈዟል።

«ቲቸር፣ እስከ አፍጥር እኛም ማርጀታችን ነው» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ።

ሊነቁልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የቡድሃ ተከታዮች ሐሳባቸውን እንዴት እንደሚሰበስቡ እንዲገባቸው፣ ለሦስት ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትንፋሻችሁን ብቻ አዳምጡ አልኳቸው። የመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ነው። እንደዚያ ባስቀምጣቸው አምልኮ ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አስነሳኋቸው። እኔ ከልጅነቴ ቅዳሴ ቆሜ ያደግሁ ነኝ፤ ሦስት ደቂቃ መቆም ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ነኢማ ወደቀች። ግንባሯ የዴስኩን ጠርዝ መታው። ስሟን ብጠራ አትሰማም፤ እጇ ቀዝቅዟል።

«ጂን ነው» አለች አጠገቧ የነበረችው ልጅ። «ቲቸር ናት ያስጠራችን።»

በባጃጅ ክሊኒክ ወሰድኳት። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ መንገዱን ሁሉ እመቤቴን ተማጸንኩ። ነርሷ ተቀብላኝ በሩን ዘጋችው። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ልብሴ ላይ የልጅቱ ደም አለ። ቆይቶ ርዕሰ መምህሩ መጣ። ከክሊኒኩ አጥር ውጪ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል።

ርዕሰ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዓይን ጨፍኑ ያልሽውን አታንሺው» አለኝ። «ከመጽሐፉ እያነበብኩ ሳለ ወደቀች በይ። አለዚያ እዚህ ከተማ ማስተማርሽ አበቃ፤ እኔም አላድንሽም።»

እሺ ልለው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከንፈሬ ተንቀሳቅሷል።

የነኢማ አባት ገባ። የአገሩ የመስቃን ሰው ነው፤ ገበያ ውስጥ በርበሬ ይነግዳል። ኮቱ ላይ ብናኙ አለ። ሰላምታ አልሰጠም።

«የህንድ ጣዖት አስጠራቻቸው ይላሉ። ምንድን ነው ያስተማርሻቸው?»

ነገርኩት። ቡድሃ ቤቱን ጥሎ የወጣ፣ እንደ ፈጣሪ ሳይሆን እንደ መምህር የሚታይ ሰው መሆኑን። ኑሮ ጭንቅ አለበት፤ ጭንቁን የሚያመጣው የማይጠግብ ምኞት ነው፤ ምኞት ሲበርድ ጭንቁም ይበርዳል፤ ለዚህም መንገዱ በቅን ማሰብ፣ በቅን መናገር፣ በቅን መሥራት ነው ማለቱን።

«ይህን ለማወቅ ነው ቤቱን ጥሎ የሄደው? በርበሬ ተራ አንድ ቀን ቢውል ይበቃው ነበር።» ፊቱን ግን አልፈታም። «ዓይን መጨፈኑስ?»

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አስጨፍኛቸዋለሁ» አልኩ። «ጸሎት አልነበረም፤ ትንፋሻቸውን እንዲያዳምጡ ነው። ግን ቆመው ነው ያስጨፈንኳቸው። ጾመኛ መሆናቸውን እያወቅሁ። ተቀምጠው ቢሆን እንዲህ አትወድቅም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አየኝ። የሚመታኝ መሰለኝ። በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች። «ነቅታለች። ግሉኮስ ሰጥተናታል። ከትናንት ማታ ወዲህ እህል አልቀመሰችም።»

ሰውዬው ግድግዳውን ተደገፈ። የነኢማ እናት ልትወልድ የደረሰች እህቷን ይዛ አታት ሆስፒታል ነበረች፤ ጎህ ሳይቀድ ለሱሑር ምግብ የመቀስቀሱ ተራ የእሱ ነበር።

«ተኝቼ አሳለፍኩት» አለ ዝግ ብሎ። «ጠዋት፣ ሳትበላ መጾም ካቃታት ትነግረኛለች ብዬ አልጠየቅኋትም። እሷም እንዳላፍር ብላ ዝም አለች።»

ልጁን ሳያይ መጀመሪያ ወደ አጥሩ ወጣ። ተከትዬ በመስኮት አየሁት። ደንበኞቹም ጎረቤቶቹም እዚያ አሉ።

«ጂንም የለ፣ ጣዖትም የለ» አላቸው። «ልጄን የጣላት የእኔ እንቅልፍ ነው። ወደየቤታችሁ ግቡ።»

«አንተ እንኳ በእንቅልፍ አትታማም» አለው አንዱ፤ ጥቂቶች ሳቁበት። እሱ አልሳቀም።

ተመልሶ ሲያልፈኝ «ቆመው ማስጨፈንሽን አልነገርኳቸውም፤ እሱን ከፈጣሪሽ ጋር ጨርሺው፣ እህቴ» ብሎኝ ወደ ልጁ ገባ።

የነኢማ ግንባር ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። ሻሿን ሳብ አድርጋ ትሸፍነዋለች። ሰዎቹ እኔን ትተው በእሱ ሲስቁ መስኮቱ ጀርባ ዝም ብዬ ነው የቆምኩት። ንስሐ ስገባ የነገርኩት ስለ ቡድሃ ማስተማሬን አይደለም፤ ይህንን ዝምታዬን ነው። ተፈትቼበታለሁ። እሱን ገበያ ባየሁት ቁጥር ግን አሁንም ቀና ብዬ ሰላም ማለት ይከብደኛል።