ሦስት ቀን በንጹህ ውሃ

መተማ ዮሐንስ ውስጥ በምግብ ቁጥጥር ስሠራ ስምንተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ጊዜው ያለፈበት ዘይት አስወግዳለሁ፤ በማግስቱ ሌላ ሱቅ ውስጥ አገኘዋለሁ። መቆጣቱንም ትቼዋለሁ።

በዚያ ኅዳር ከጦርነቱ ሸሽተው ከሱዳን የተሻገሩ አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። ቀይ ባሕር ዳር ነው ያደጉት፤ አማርኛውን እዚሁ ለምደዋል። በከተማው አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ሲጎድል ከአሸዋው ሥር ሥጋ ያለው ዛጎል ይለቅማሉ፤ ቀቅለው ለአገራቸው ሰዎች ለመሸጥ ፈቃድ ፈለጉ። በከተማችን ዛጎል የሚበላ አላውቅም። የምሞላው ቅጽም ስለ ዛጎል የሚለው ነገር የለም።

ቤታቸው ሄጄ አየሁ። ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ውስጥ መዳፍ የሚያህሉ ጥቁር ዛጎሎች በጠራ ውሃ ተኝተዋል። ከአህያ ጋሪ እየገዙ ጠዋትና ማታ ውሃውን ይቀይሩላቸዋል።

«የበሉትን ይተፉታል፣ ልጄ» አሉኝ። «የመጀመሪያው ቀን ጭቃ ነው። ሦስተኛው ቀን ይጠራል።»

ንጽህናቸው ከብዙ ምግብ ቤት ይሻላል። ነገር ግን ዛጎል ውሃ እያጣራ ነው የሚኖረው፤ ወንዙ የያዘውን ሁሉ ይሰበስባል። አሸዋውንና አብዛኛውን ጀርም በሦስት ቀን ይተፋው ይሆናል። መርዝ ከሆነ ግን ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ቢቀቅሉትም አይለቅም። ናሙና ለምርመራ ወደ ጎንደር እንዲላክልኝ አለቆቼን ጠየቅሁ። መንገዱ አያስተማምንም አሉኝ።

«እንግዲያው የሚለቅሙበትን ያሳዩኝ» አልኋቸው እናትየዋን።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ከሚለቅሙበት ኩሬ ትንሽ ወደ ላይ፣ ከጥጥ እርሻ የመጡ ሦስት ሠራተኞች የኬሚካል መርጫቸውን ከጀርባቸው አውርደው ወንዙ ውስጥ ያጥባሉ። አረፋው ወደ እኛ ይወርዳል። አንደኛው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ጎንበስ አለና በእፍኙ ጠጣ።

«እዚህ አትጠቡ» አልሁ።

«እሺ እትዬ፤ የት እንጠብ ታዲያ?» አለኝ የጠጣው።

ስንመለስ እናትየዋ «ትከለክይኛለሽ» አሉ።

«አዎ እናቴ። እንዲሸጡ መፍቀድ አልችልም።»

«ዛጎሉን ከለከልሽ። ባለ ጋሪው ውሃውን ከየት የሚቀዳ ይመስልሻል?»

ስምንት ዓመት ስሠራ ኖሬ ያን አልጠየቅሁም ነበር።

ሁለት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ አንዱን ለውሃ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለእርሻው። ጋሪዎቹ ከጉድጓድ ብቻ እንዲቀዱ ተወሰነ። ሰልፉ ረዘመ፣ ውሃው ተወደደ፣ ሰዉም እኔን ረገመ። እርሻው የማጠቢያ ገንዳ እሠራለሁ አለ። ሄጄ ሳይ ተቆፍሯል፤ ሲሚንቶ ግን አልነካውም።

እናትየዋ መናኸሪያው አጠገብ ፉል መሸጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያ ሳልፍ በርጩማ አቀረቡልኝ።

«ልትፈትሺ ነው ወይስ ልትበዪ?»

እግሬን አሞኝ ነበር። «ትንሽ ልቀመጥ» አልኋቸው።