ሁለት ክር የጎደለው ጊታር

የመርሻ ጊታር አናቱ ላይ ሁለት ትርፍ ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳዎቹን የበሳው አናጢ ክፉ ሰው አልነበረም። ጊታሩ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ጅጅጋ ውስጥ ከአንድ ክበብ ተዘርፎ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ፣ በ1972 ዓ.ም. አንድ እህል ነጋዴ መደብር ውስጥ ከጆንያ ጀርባ ሲገኝ ያለው አራት ክር ብቻ ነበር። ሰው የሚያውቀው ጊታር ስድስት ክር አለው። ነጋዴው ሁለቱ ወልቀው የጠፉ መስሎት፣ ለሚተኩት ክሮች ቦታ እንዲያበጅ አናጢውን ጠራ። ክሩ ግን ከየትም አልመጣም። በመጨረሻ "የጎደለ ዕቃ ምን ያደርግልኛል" ብሎ ለከተማው ኪነት ቡድን ሰጠው። ቡድኑ ውስጥም የሚፈልገው ስላልነበረ መርሻ እጅ ላይ ቀረ።

መርሻ ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። በ1970 ከተማዋ ስትያዝ ቤተሰቡ ወደ ሐረር ሸሸ፤ አባቱም እዚያው ታሞ ሞተ። እናቱ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ልጇን ይዛ ስትመለስ ቤታቸው ጣሪያ አልነበረውም። መርሻ በከተማው ውሃ ክፍል ቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረና ጣሪያውን በደመወዙ ቆርቆሮ በቆርቆሮ መለሰው። ኪነት ውስጥ የገባው የመዝፈን ተስፋ ይዞ ነበር። ድምፁን የሰሙት ሰዎች ወዲያው ከበሮ እንዲሸከም መደቡት።

የጊታሩን እውነተኛ ስም የነገረው አሰፋ ነው። አሰፋ ከናዝሬት የመጣ የሒሳብ መምህር ሲሆን የቡድኑን ኦርጋን ይጫወታል። ቀዳዳዎቹን አይቶ እስኪያስለው ሳቀ።

"ይሄ እኮ ምንም አልጎደለውም! ቤዝ ነው።"

"ቤዝ ምንድን ነው?"

"ከታች ሆኖ የሚሸከም። አንተ ትመታለህ፣ ሰዉ በእኔ ይጨፍራል።"

ቡድኑ በሙሉ ሳቀ፣ መርሻም አብሮ ሳቀ። ቆይቶ ሲያስበው ከዚያ ቀን በኋላ የደረሰበት ሁሉ በዚያች ቀልድ ውስጥ ነበር።

ለቤዝ የሚሆን ድምፅ ማጉያ ከተማው ውስጥ አልነበረም። የነበረው ለስብሰባ ጥሪ የሚያገለግለው፣ ምሰሶ ላይ የሚሰቀለው የቆርቆሮ ጡሩምባ ነው። ጡሩምባው የካድሬ ድምፅ ሦስት ሰፈር ያሻግራል፤ የቤዝ ድምፅ ሲገባበት ግን እንደ ላላ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል እንጂ አንድም ቃና አያወጣም። የመጀመሪያው ትርዒት የአብዮት በዓል ዕለት ነበር። በሰዓት እላፊው ምክንያት ጭፈራው በቀን ነው፤ የአዳራሹ መስኮት በብርድ ልብስ ተጋርዶ ከቀትር በኋላ በጠራራ ፀሐይ ይጨፈራል። የቡድኑ ዘፋኝ ፀዳለ ስትዘፍን መርሻ ሁለት ሰዓት ሙሉ መታ፣ ጣቱ ደማ። ቤት ሲገባ ከትርዒቱ ቀድማው የተመለሰችው እናቱ እግሯን ታጥባ ተቀምጣለች።

"እማዬ፣ እንዴት ነበር?"

"የፀዳለ ድምፅ ማር ነው። የመምህሩም ጥሩ ነው። አንተ ግን ምን ስትሠራ ነበር?"

"እየመታሁ ነበራ!"

"እጅህስ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የሁሉም ይሰማል፣ ያንተ የታለ?"

ሌላው ተጫዋች ደመወዝ፣ ዝና፣ ሴት ይመኝ ይሆናል፤ መርሻ ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ቀን እናቱ ከዘፈኑ መሐል ለይታ "ይሄ የልጄ ነው" እንድትል።

ክር ሲያረጅ ድምፁ እንደ እርጥብ ገመድ ይሞታል። አዲስ ክር በጅጅጋ የለም፤ በድሬዳዋም ቢገኝ የባለ ስድስት ክሩ የሊድ ጊታር ነው። መርሻ ክሩን ፈትቶ በድስት ይቀቅለዋል፤ ቅባቱና እድፉ ሲለቅ ለአንድ ሳምንት ያህል ነፍስ ይዘራል። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ለጎረቤት "የእኔ ልጅ ሽቦ ቀቅሎ የሚበላ ነው" እያለች ታስቃለች፤ ድስቱን ግን አትከለክለውም።

መምታት ያስተማረው ኸሊፍ ነው። ኸሊፍ ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ቶጎጫሌ በሚወስደው መውጫ ላይ ጎሚስታ ነበር፤ የከባድ መኪና ጎማ ሲጠግን ይውልና ፀሐይ ሲበረታ፣ ጫቱን ይዞ ከጎማዎቹ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከግድግዳው ላይ ካባኑን ያወርዳል። ካባን ሶማሌዎች ለኡድ፣ ለዓረቦቹ ባለ ክር መሣሪያ፣ የሰጡት ስም ነው። መምቻው ከጀሪካን ጎን የተቆረጠ ፕላስቲክ ነበር። መርሻ በሶማሊኛ "አደር"፣ አጎቴ፣ እያለ ይጠራዋል። የቡድኑን ዘፈን ይዞለት መጥቶ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ የጊታሩን ገላ ባዶ በርሜል ላይ አስደግፎ ይመታለታል። በርሜሉ ከጡሩምባው የተሻለ ድምፅ ነበረው።

"ወርያ፣ አንተ! ለምን ትሮጣለህ? ማን አባረረህ?" ይለዋል ኸሊፍ።

"ዜማው ላይ ልደርስ ነዋ፣ አደር።"

"አትድረስበት። ዘፋኟ ቃሏን ትጨርስ፣ አንተ ከዚያ ና። ሰው ሲናገር አፉ ውስጥ አይገባም።"

በዚህ ዓይነት ለመርሻ የራሱ አካሄድ ወጣለት። ፀዳለ ስንኙን ስትጨርስ እሱ ትንሽ ይዘገያል፣ ከዚያ ጣቱን ከክሩ ሳያነሳ ከታች ወደ ላይ እየጎተተ ይገባል። ሌላ ማንም እንዲህ አይገባም። ኸሊፍ ሲሰማው ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ምስጋናው ያ ነበር።

ቡድኑ ለቅስቀሳ በየወረዳው ዞረ። አዲጋላ ላይ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ተጫወቱ። ባቡሩ በዘፈኑ መሐል ገባና ተመልካቹ ሁሉ ዕቃ ሊያወርድ ሄደ፤ ፀዳለ ለባዶ ወንበር ዘፈነች። ደምበል ላይ አንዲት ወተት ሻጭ መርሻን በጣቷ እያሳየች፣ አብሯቸው የመጣውን ወታደር ጠየቀችው። ወታደሩ በሶማሊኛ መለሰላትና ሁለቱም ሳቁ።

"ምን አለችህ?" አለ አሰፋ።

"ይሄ ሰውዬ እንጨቱን የሚያቅፈው ለምንድን ነው አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"በርዶት ነው አልኳት።"

አሰፋ ይህችን ለዓመታት ተጫወተባት። ልምምድ ሲጀመር "በርዶህ ነው መርሼ? ጊታርህን እቀፋ!" ይላል።

በ1980 ከድንበሩ ማዶ ሐርጌሳ በገዛ መንግሥቷ ስትደበደብ ኸሊፍ እህቱን ሊያመጣ በአንድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ድንበሩን ተሻገረ። ብዙ ሺህ ሰው ወዲህ መጣ፤ ኸሊፍ ግን አልመጣም። ጎሚስታ ቤቱን ሌላ ሰው ያዘው፤ በርሜሉም ውስጥ ውሃ ሞላበት።

በዓመቱ አንድ የድሬዳዋ ሙዚቃ ቤት ባለቤት ፀዳለን አንድ ሠርግ ላይ ሰምቷት ካሴት ላስቀርፃችሁ አለ። መርሻ ከአለቃው ፈቃድ ለማግኘት ለምኖ፣ ክሩን ሁለት ጊዜ ቀቅሎ ሄደ። መቅረጫው ክፍል ጠባብ ነበር፤ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። ባለቤቱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ገና ከመጀመራቸው እጁን አወዛወዘ።

"ቤዙ የልጅቷ ማይክ ውስጥ እየገባ ነው። አንተ ውጣና ኮሪደር ላይ ሁን።"

"እንዴት ነው የማያቸው?"

"በሩን ገርበብ አደርግልሃለሁ።"

መርሻ ስድስት ዘፈን በበሩ ስንጥቅ የፀዳለን ጀርባ እያየ መታ። የጀርባዋን እንቅስቃሴ አይቶ ስንኙ ማለቁን ያውቃል፤ ይዘገያል፤ እየጎተተ ይገባል። እንዲያ አድርጎ መትቶ አያውቅም። ፈቃዱ ሲያልቅ በማግስቱ ተመለሰ። አሰፋ "ትንሽ የሚስተካከል ነገር አለ" ብሎ ቀረ።

ካሴቱ በ1982 መስከረም ወጣ። ሽፋኑ ላይ በትንንሽ ፊደል "ቤዝ ጊታር፦ መርሻ ይመኑ" ይላል። የውሃ ክፍሉ ሰው ሁሉ ጨበጠው። ሻይ ቤቱ፣ ሚኒባሱ፣ ፀጉር ቤቱ ካሴቱን ይከፍታል። መርሻ ከአንዱ ሻይ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ ጆሮውን አቆመ። ፀዳለ ትሰማለች፣ ኦርጋኑ ይሰማል፤ ከታች ግን ጭርታ ነው። ቴፑ ትንሽ ስለሆነ ነው ብሎ ራሱን አጽናና፤ የመዳፍ ያህል ስፒከር ቤዝ አያወጣም። ስለዚህ በዕረፍት ቀኑ በጭነት መኪና ቶጎጫሌ ወረደ። እዚያ ዋርፋ የተባለ ነጋዴ፣ ከጂቡቲ የገባ ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ ስፒከር ሱቁ በር ላይ አቁሟል።

"ዋርፋ፣ ይቺን ክፈትልኝ።"

"አለኝ እኮ! በቀን አሥር ጊዜ ነው የምከፍታት።"

"ከታች ያለውን ጨምርልኝ።"

ዋርፋ ጨመረለት። መሬቱ ነዘረ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንጫጫ። መርሻ ደረቱ ላይ ተሰማው፤ አለ! እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ነው። ፀዳለ ስንኟን ጨረሰች፣ ቤዙ ዘገየ፤ መርሻ ፈገግ ሊል ሲል ድምፁ ገባ። አልጎተተም። ከአንዱ ቃና ወደ ሌላው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ዘሎ ገባ። በክር ላይ የሚሄድ ጣት እንዲያ አይገባም። የኦርጋን ቁልፍ ነው። የአሰፋ ግራ እጅ ነው።

"ወላሂ ጥሩ ነው" አለ ዋርፋ። "ስፒከሩን ትወስደዋለህ?"

መርሻ አሰፋ ቤት ሲደርስ መምህሩ የተማሪ ፈተና እያረመ ነበር። ቀና ብሎ ፊቱን ሲያይ የመጣበት ገባው።

"ባለቤቱ ነው" አለ ሳይጠየቅ። "በሩ እየተንቀጠቀጠ ያንተ ድምፅ ተበላሸ አለ። ምን ላድርግ? ካሴቱ ይቅር?"

"ልትነግረኝ አትችልም?"

"ነግሬህ ምን ልትሆን? ደግሞ ያንተን ነው የመታሁት። አንድ ቃና አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። በቃሌ ነው የማውቀው።"

"መጎተቱስ?"

"ኦርጋን አይጎትትማ! ማን ይለየዋል መርሼ? ስምህ ሽፋኑ ላይ አለ፤ አገር እያመሰገነህ ነው። ምን ጎደለህ?"

መርሻ ልዩነቱን የሚሰማ ሰው ፈልጎ በሐሳቡ ከተማውን ሁሉ ዞረ። የነበረው አንድ ኸሊፍ ነው። አሰፋ እውነቱን ነበር፤ መርሻን ያቃጠለውም ይሄው ነው።

የዚያን ሳምንት ጎረቤታቸው ትልቁን ቴፑን ይዞ መጣና ካሴቱን ለወይዘሮ ጥሩአየሁ ከፈተላት። አንገቷን አዘንብላ ሰማች። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስትደርስ እጇን አነሳች።

"ቆይ፣ ቆይ! ይቺ ከሥር የምትሄደው፣ ዱም ዱም የምትለው፣ ያንተ ናት?"

መርሻ የካሴቱን ሽፋን አንስቶ ስሙን አየ።

"ንገረኛ!"

"የእኔ ናት፣ እማዬ።"

"አሁን ገና ሰማሁህ" አለችና አለቀሰች። ለጎረቤቷም "ሽቦውን በከንቱ አልቀቀለውም" አለችው።

መርሻ ከዚያ በኋላም ከቡድኑ አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ የሚጠይቅ ይኖራል። የት ይሂድ? ልምምዱ ላይ ይገኛል፣ ትርዒቱ ላይ ይቆማል፣ ጊታሩን ያቅፋል። አሁን ጥሩ ድምፅ ማጉያ መጥቷል፤ ቁም ሳጥን የሚያህል፣ ከጦር ክፍሉ በውሰት የተገኘ። የአሰፋም ኦርጋን ተቀይሯል፤ አዲሱ ከበሮውንም ራሱ ይመታል። ስለዚህ ከበሮ መቺው ወደ ሀገሩ ሲዛወር ማንም አልተተካም።

በጥር 1983 አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ከሐረር ለመጡ መኮንኖች ግብዣ ተዘጋጀ። የሰሜኑ ጦርነት ወሬ ክፉ ነበር፤ መኮንኖቹ ሽጉጣቸውን ታጥቀው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ጥግ ጥጉን የከተማው ሰው ቆሟል። በመጨረሻ ያው ታዋቂው የካሴት ዘፈን ተጠየቀ። ሰዉ እየጨፈረ ነው። ፀዳለ ሁለተኛውን ስንኝ ስትጨርስ መርሻ እንደ ልማዱ ዘገየ፤ ከዚያ ሳይገባ ሁለት እጁን ከክሩ ላይ አነሳ።

ቤዙ አልቆመም።

ከታች ዱም ዱም እያለ ይሄዳል። የአሰፋ ግራ እጅ ቁልፎቹ ላይ ነው፤ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነው። እጁ መቼ እዚያ እንደሄደ መርሻ አላየም። ምናልባት አሁን ነው፤ ምናልባት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር። መርሻ እጁን ዘርግቶ ለሰዉ አሳየ፤ ባዶ እጁን። አንድም የሚጨፍር ሰው እግሩን አልሳተም። ፀዳለ ዞር ብላ አየችውና ያረፈ መስሏት ፈገግ አለችለት።

መርሻ ወደ ማጉያው የሚሄደውን ገመድ ያዘና ከጊታሩ ነቀለው።

ማጉያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር። የገመዱ ጫፍ ጣቱን ሲነካው አዳራሹ ውስጥ እንደ መድፍ የሚያስተጋባ ነገር ፈነዳ። ሴቶች ጮኹ። ፊት ያሉት መኮንኖች ወለሉ ላይ ተደፉ፤ አንደኛው በጉልበቱ እንደተንበረከከ ሽጉጡን ግማሽ አውጥቷል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ መርሻ ዞረ። ገመዱ እጁ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ይቅርታ ጓዶች!" አለች ፀዳለ በማይኩ። "የቴክኒክ ብልሽት ነው።"

ሳቅ ሆነ። መኮንኖቹ ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሱ። የአሰፋ ኦርጋን ከበሮውንም ቤዙንም ይዞ አንድ ምት ሳያጎድል ቀጠለ፤ ሰዉም ጭፈራውን ከተወበት ያዘ። ሽጉጥ ያወጣው መኮንን ወንበሩን እያስተካከለ አጠገቡ ያለውን የከተማ ሰው ጠየቀው።

"ማነው እሱ?"

ሰውየው አንገቱን አስግጎ መርሻን አየው፤ ገመዱን አየው።

"መብራት የሚጠግነው ይመስለኛል፣ ጓድ ሻምበል" አለ።