ጎህ ሲቀድ የሚመጣው ቁርጠት

ልጅ ሆኜ ሆዴን የሚያመኝ ጎህ ሲቀድ ብቻ ነበር። እምብርቴን ይዞ ጭምድድ ያደርገኛል። ፀሐይ ወጥታ የደብረ ብርሃን ውርጭ ከጣሪያው መንጠባጠብ ሲጀምር ደግሞ እንዳልነበረ ይጠፋል። ቁርሴን ጥርግ አድርጌ በልቼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። እናቴ፣ "የምን በሽታ ነው ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ?" ትላለች።

ኮሶ ነው ተብሎ ኮሶ ጠጣሁ። አቤት ምሬቱ! ሐኪሙም ሆዴን በጣቱ እየጫነ "እዚህ ጋ? እዚህስ?" ብሎ ብሎ ምንም ሲያጣ ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኘኝ። ጠበልም ተጠመቅሁ። ቁርጠቱ ወይ ፍንክች! ጎረቤቱ ደግሞ "ትምህርት ጠልታ ነው" ይላል። በጣም ነበር የሚያናድደኝ። ትምህርት ብጠላማ እሁድ ለምን ያመኛል? ይሄን የሚጠይቅ ሰው ስለጠፋ እኔው መጠየቅ ጀመርኩ።

ወንድሜ በግ ሊገዛ እነዋሪ ገበያ እንደወጣ ለብሔራዊ ውትድርና ከታፈሰ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ሽማግሌዎች ሰው ከቤቱ ሳይወጣ መጥተው በር ያንኳኳሉ። የሰፈራችን የወታደር እናቶች ሁሉ መርዷቸውን የሰሙት እንዲያ ነው።

አንድ ሰሞን ለአየር ለውጥ አንኮበር፣ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። ሆዴ ጸጥ አለ። አክስቴ "ውሃችን ነው ያዳነሽ!" ብላ ተኩራራች፤ እኔም አመንኳት። አንድ ማለዳ ግን ገና ሳልነሳ፣ "እኔ እዚህ ተኝቼ፣ ሽማግሌዎቹ አሁን እናቴ በር ላይ ቆመው ቢሆንስ?" ብዬ አሰብኩ። ቁርጠቱ ከተፍ! ገረመኝ። ሆን ብዬ ስለ አክስቴ ተናካሽ በቅሎ አሰብኩ፤ ላላ አለኝ። ወደ በሩ ሐሳቤን መለስኩ፤ ጨመደደኝ። ለካስ ሳላውቀው በየማለዳው ጆሮዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው የምነቃው!

ቤት እንደተመለስኩ ለእናቴ ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሆዷ ላይ ጥብቅ አድርጋ የምታስረውን መቀነት አሳየችኝ።

"እኔንም ያመኛል" አለች። "እንዳላስፈራሽ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።"

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው "መጣብሽ?" "አዎ፣ አንቺስ?" እየተባባልን ፀሐይዋን አብረን መጠበቅ ያዝን። ቁርጠቱ ጨርሶ አልተወንም፤ ቢሆንም ኮሶው ቀረልኝ።

ጦርነቱ ባለቀበት ሰሞን፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሩ ተንኳኳ። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን እጥፍ አልን። ደግሞ ተንኳኳ።

"ሂጂ ክፈቺ" አለችኝ።

"አንቺ ክፈቺ!"

ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ጆሯችንን ደፍነን ተቃቀፍን። ያልሰማነው መርዶ አይደርስብንም ያልን ይመስለኛል። ፀሐይ ስትወጣ እናቴ እንደምንም ተነስታ ከፈተች።

ወንድሜ ደጃፉ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ በብርድ ይንቀጠቀጣል።

"እማዬ፣ ስጠራችሁ ነጋ እኮ! ምነው አልከፍት አላችሁ?"

እናቴ መቀነቷን ከሆዷ ፈትታ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት።