የአያ ደምሴ ቀበርቾ

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ካሌዶኒያን ሮድ ያለችው የአበሻ ሱቅ ባለቤት ለራስ ምታቴ ብላ የመረቀችልኝን የቀበርቾ ሥር ትናንት መጥበሻ ላይ ሳጨሰው፣ የጭስ አላርሙ ጮኾ የፎቁን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ አሰለፈው። ልጄ ሊያ በስልክ «አባዬ፣ ኮምፕሌይን ቢያደርጉብህስ? ፓራሲታሞል ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። እኔ ግን በፒጃማዬ ቆሜ፣ የሚታመም አንጎል ያለኝ ይመስል ግንባሬን ይዤ፣ ሐሳቤ ዳንግላ አቅራቢያ ካለው የልጅነት ቤታችን ደርሶ ነበር።

ቀበርቾ እሾሃም ነው፤ አናቱ ላይ ድቡልቡል፣ ነጣ ያለ አበባ ያወጣል፤ የተቆጣ ሽማግሌ ራስ ይመስላል፣ መስታወት ፊት ስቆም ትዝ ይለኛል። የሚጨሰው ሥሩ ስለሆነ መቆፈር መግደል ነው። ስለዚህ በእኛ ወግ አበባው ሳይደርቅ አይነካም፤ የቆፈረም ሰው ፍሬውን ጉድጓዱ ውስጥ አራግፎ፣ አፈሩን መልሶ፣ በተረከዙ ረገጥ አድርጎት ይሄዳል።

በንዳዱ ዓመት ግን ማን ይጠብቅ? በየቤቱ በሽተኛ ተኝቶ ስለነበር ኮረብታው ተቆፍሮ አለቀ። ታናሽ እህቴ ጥሩዬ ስትታመም የቀረው አንድ እግር ብቻ ነበር፤ እሱንም ጎረቤታችን አያ ደምሴ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ፣ ለአራስ ቤቷ ማጠኛ፣ ድንበሩ ላይ ያቆየው ነው። እናቴ ደጁ ላይ ቆመች።

«ፍሬው አልደረሰም እኮ፣ እታለም» አላት።

«የኔስ ልጅ ደርሳለች?»

ዶማውን አነሳ።

ጭሱ ቤቱን ሞላው። እኔም ጀግና ነኝ ባይ፣ ከበሽተኛዋ ብሼ እየሳልኩ፣ እንዳያመልጥ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ያዝኩ። ጥሩዬ ሳምንቱን አልጨረሰችም።

ጥር ላይ የአያ ደምሴ ሚስት ወለደች። እሱም ዶማውን ተሸክሞ ወደ ባዶው ኮረብታ ወጣና እጁ አፈር በአፈር ሆኖ ተመለሰ፤ «አገኘሁ» አለ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ልንል ስንገባ ቤቱን የሞላው የወይራ ጭስ ነበር፤ የጠላ ጋን የሚታጠንበትን ወይራ እንኳን ሴቶቹ እኔም አልስተውም። ከል የለበሰችው እናቴ ደፉ ላይ ቆም ብላ አየሩን በረጅሙ ሳበች።

«ቀበርቾው እንዴት ይሸታል፣ አያ ደምሴ» አለች።

እሱም አንገቱን ደፍቶ «ይሸታል፣ እታለም» አለ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን አራስ ሁሉ የታጠነችው በወይራ ነው፤ ከእኔ በኋላ የተወለዱትም የወይራ ጭስ እያሸተቱ ነው ቀበርቾ ማለትን የተማሩት።