አያቴ በዝናብ ያሳዩን የጎርፍ መንገድ

አያቴ በየስብሰባው «እስቲ መጀመሪያ ሄደን እንየው» ይሉ ነበር። በደርግ ጊዜ ከደብረ ታቦር የመጣው የግብርና ባለሙያ ጋራችን ላይ ሊሠራ የታቀደውን የእርከን ካርታ ዘርግቶ «ነገ ቁፋሮ ይጀመራል» ሲለን፣ አያቴ ብቻቸውን ተነሡ።

«ልጄ፣ በዚህ ከቆፈርን ጎርፉ የሚወርደው ከታች ባለችው መበለት ቤት ላይ ነው። እስቲ ሄደን እንየው።»

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር «ዕቅዱ የመንግሥት ነው፤ አድሃሪ እንዳይባሉ!» ብሎ ጮኸባቸው። እኛ በፍርሃት አንገታችንን ደፋን። እሳቸው ግን በዚያው ቀን ዝናብ ሲጀምር ባለሙያውን ይዘው ጋራውን ወጡ፤ እኛም ተከተልን። ባለሙያው ጭቃው ውስጥ ቆሞ የጎርፉን አካሄድ አየና «አባቴ፣ መሥመሩን አንቱ ያሳዩኝ» አላቸው። እሳቸው ባሳዩት መሥመር ያን እርከን ማንም ሳያስገድደን ቆፈርነው።

አያቴ ካረፉ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ተሰበሰብን። ያው ሊቀ መንበር «ጥያቄ ያለው?» ሲል ሁላችንም እሳቸው ይቀመጡበት ወደነበረው ድንጋይ ዞርን። ሊቀ መንበሩም ራሱ ዞረ።